ጎመንና ቆስጣ በአንድ ሚዛን

«ጎመን በጤና» የሚለው የአባቶቻችን ቃል በየቤቱ ሲነገር የምንሰማው ነው። ተናጋሪው ብዙውን ጊዜ ስለ ጎመን መናገሩ አይደለም፤ ያለችውን ጥቂት ነገር በደኅንነት ይዞ መኖር ብዙ ሀብት ከብዙ ጭንቀት ጋር ከማግኘት ይሻላል ማለቱ ነው። እኛ ግን ዛሬ በዚህ የቤተ ሰብ ዓምድ ቃሉን እንደ ተነገረ ወስደን፣ ስለ ራሱ ስለ ጎመንና ተፎካካሪው ስለ ሆነው ስለ ቆስጣ ከአንባብያን ጋር ልንጫወት ፈቅደናል። የምንጽፈውም ከመጽሐፍ ያገኘነውን ብቻ ሳይሆን በገዛ ቤታችን የደረሰውን ነው። ስሕተቱ የራሳችን በመሆኑ መናገሩ ቢያሳፍረንም፣ ለሌላው ባለትዳር ትምህርት ይሆናል ብለን አልደበቅነውም።

ነገሩ የሆነው በጅቡቲ ከተማ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመንግሥት ሥራ ምክንያት ወደዚያች የወደብ ከተማ ተልከን፣ ከሜኔሊክ አደባባይ ብዙ በማይርቅ ቤት ውስጥ ከባለቤታችን ጋር እንኖር ነበር። አደባባዩ ስሙን ያገኘው ከዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ሐዲድ እንዲሠራ ከፈቀዱ በኋላ፣ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ መድረሱ የታወቀ ነው። ጅቡቲ ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነጻነቷን ካገኘች በኋላ አደባባዩ በነጻነቱ ቀን ስም ተሠየመ፤ ነገር ግን በቀድሞ ስሙ የሚጠራው ሰው ዛሬም ጥቂት አይደለም። ቅስት ያላቸው ነጫጭ የቆዩ ቤቶች ከበውታል፤ በቅስቶቹም ጥላ ሥር ቡናና ሻይ የሚሸጥባቸው ቤቶች አሉ። የቀኑ ትኩሳት በረድ ሲል እኛና ባለቤታችን ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ ደጃፍ ተቀምጠን የምንውልበትንና የምናመሽበትን ነገር መነጋገር ልማዳችን ነበር።

የጅቡቲ ምድር ድንጋያማ ነው፤ ዝናቡም እጅግ ጥቂት ነው። ከዚህም የተነሣ በከተማዪቱ የሚበላው አትክልት አብዛኛው ከኢትዮጵያ፣ ይልቁንም ከሐረርጌ ደጋ፣ ከሐረማያና ከሐረርጌው ኮምቦልቻ አካባቢ የሚወርድ ነው። ከአደባባያችን ጥቂት ራመድ ብሎ፣ ወደ ሐሙዲ መስጊድ በሚወስደው በኩል ገበያው አለ። ባለቤታችን ማለዳ ወደዚያ ስትወርድ ጎመኑና ቆስጣው ጎን ለጎን ተደርድሮ ታገኘዋለች። በጧት ሁለቱም ለምለም ናቸው። ቀትር ሲሆን ግን ሰፊው የቆስጣ ቅጠል እንደ እርጥብ ጨርቅ ይወድቃል፤ ጎመኑ ቆዳው ጠንከር ያለ ስለ ሆነ ጥቂት ይታገሣል። እኛም በዚያን ጊዜ ይህን ልዩነት አይተን አልፈነው ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ ለቆስጣ የነበረን አድልዎ የቆየ ነው። በእናታችን ቋንቋ በትግርኛ ጎመንን «ሐምሊ» እንለዋለን፤ ግእዙም «ሐምል» ይላል። ከሕፃንነታችን ጀምሮ የምናውቀው፣ ከጓሮ ተቀጥፎ በሸክላ ድስት የሚበስለው ምግብ እርሱ ነው። ቆስጣ ግን ስሙም ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ «ኮስታ» ማለት የጎን አጥንት ሲሆን፣ በቅጠሉ መካከል ያለውን ወፍራምና ነጭ አገዳ ያመለክታል። በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ቆስጣ የሚተከለው በመምህራን የአትክልት ቦታ ነበር፤ የሚቀርበውም በነርሱ ገበታ ነበር። ለእኛ ለተማሪዎች ሐምሊ ይወጣልን ነበር። የሕፃን ልብም ለመምህሩ የሚቀርበው ምግብ ከራሱ ምግብ የተሻለ መሆኑን ማንም ሳይነግረው ያምናል። ይህ እምነት አድጎ፣ ጢም አብቅሎ፣ ሹመት አግኝቶ ከእኛ ጋር ጅቡቲ ድረስ መጣ።

ባለቤታችን የመጀመሪያ ልጃችንን በፀነሰች በአምስተኛው ወር ደሟ ሲመረመር ሄሞግሎቢኗ 10 ነጥብ 2 ሆኖ ተገኘ። የዓለም የጤና ድርጅት በእርግዝና ጊዜ ከ11 በታች የሆነውን ሁሉ፣ በመካከለኛዎቹ ወራት ደግሞ ከ10 ነጥብ 5 በታች የሆነውን የደም ማነስ ይለዋል። ሐኪሙም በየቀኑ የሚዋጥ የብረት ክኒን አዘዘላት። ክኒኑ ግን ሆዷን አወከው፤ አቅለሸለሻትም። በሦስተኛው ሳምንት «ይህን ነገር አልቻልሁትም» ብትለን፣ እኛ መልስ አላጣንም። የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር የሚያወጣውን የምግብ ሰንጠረዥ ገለጥን። ጎመናችን በስሙ ስላልተገኘ የቅርብ ዘመዱን «ኮላርድ» የሚባለውን ወሰድን። በ100 ግራም ጥሬ ቅጠል ውስጥ ቆስጣ 1 ነጥብ 8 ሚሊግራም ብረት ሲኖረው፣ የጎመኑ ዘመድ ግማሽ ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። «ተመልከች» አልናት፤ «አራት እጥፍ ማለት ይቻላል! ክኒኑ ይቅር፤ በየቀኑ ቆስጣ ትበያለሽ።» እርሷም ደስ አላት፤ እኛ ደግሞ ከእርሷ የበለጠ ደስ አለን። ክኒኑ መሳቢያ ውስጥ ገባ።

በዚያው ሰሞን የባለቤታችን እናት ልጃቸውን ሊያርሱ ከአዲግራት መጡ። አደይ ፊደል አልቆጠሩም፤ ነገር ግን ስምንት ልጆች ወልደው አሳድገዋል። በየቀኑ ቆስጣ ብቻ ሲቀቀል አይተው ምክንያቱን ጠየቁን። ሰንጠረዡን አንብበን አስረዳናቸው። እርሳቸውም በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣ «ወደይ፣ ቅጠል የሚበላው ከድስት ነው እንጂ ከወረቀት አይደለም፤ ለነፍሰ ጡር ሐምሊ በሎሚ ይሻላታል» አሉን። እኛም በትሕትና ፈገግ ብለን ዝም አልን። ይህም ፈገግታ አሁን ሲታሰበን ያሳፍረናል። አደይ አልተከራከሩም፤ ምሳ እንዳበቃ እንደ አገራቸው ሥርዓት ቡናቸውን እስከ ሦስተኛው አፈሉ። ባለቤታችንም ከእናቷ ጋር ሦስቱንም ትጠጣ ነበር።

ስድስት ሳምንት አለፈ። ባለቤታችን ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ እያጠራት፣ ማታ ማታ ወደ አደባባዩ መውጣቱንም እየተወች መጣች። እኛ ግን ሙቀቱ ነው ብለን አለፍነው። ደሟ እንደ ገና ሲመረመር ሄሞግሎቢኗ 9 ነጥብ 1 ሆኖ ተገኘ። አዋላጅዋ ዕድሜዋ የገፋ የአገሩ ተወላጅ ነበረች፤ ወረቀቱን አይታ ቀና አለችና በፈረንሳይኛ «ሙሴ፣ ክኒኑን ትወስዳለች?» ስትል ጠየቀችን። ስለ ቆስጣው ነገርናት። አልተቆጣችም፤ እርሳስ አንሥታ በወረቀቱ ጀርባ ላይ ማስላት ጀመረች። «ነፍሰ ጡር ሴት በቀን 27 ሚሊግራም ያህል ብረት ያስፈልጋታል። ይህን ከቆስጣ ብቻ ለማግኘት በየቀኑ አንድ ኪሎ ተኩል ጥሬ ቅጠል መብላት አለባት። ከጎመን ቢሆን ወደ ስድስት ኪሎ ይጠጋል። ባለቤትዎ ስንት ትበላለች?» አለችን። መልስ አልነበረንም። ቀጥላም፣ «ከበላች በኋላ ምን ትጠጣለች?» አለች። በዚህ ጊዜ አደይ ቋንቋውን ሳይሰሙ የነገሩ አቅጣጫ የገባቸው ይመስል ነጠላቸውን ሰበሰቡ።

የዚያን ዕለት ማታ ባለቤታችን ደክሟት ሳለ ወደ አደባባዩ እንድንወጣ ራሷ ፈለገች። ብዙ ጊዜ ሳንነጋገር ተቀመጥን። በመጨረሻ ይቅርታ ጠየቅናት። እርሷም፣ «ክኒኑን የተውሁት እኔ ነኝ። የከፋኝ ግን ሌላ ነው፤ አንተ ስለ እኔ ስትጨነቅ አላየሁህም፤ ስለ ሰንጠረዡ ስትደሰት ነው ያየሁህ» አለችን። ለዚህ ቃል እስከ ዛሬ የሚሆን መልስ አላገኘንለትም። በማግሥቱ ግን ከአዋላጅዋ የሰማነውን ይዘን፣ ያንኑ ሰንጠረዥ ከላይ እስከ ታች፣ አንዱን መስመር ብቻ ሳይሆን ሁሉንም አነበብነው። አንባብያንም እንዲያውቁት የተረዳነውን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

አስቀድሞ የሁለቱ ዘር የተለያየ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ቆስጣ የቀይ ሥር ወንድም ነው፤ አንዱ ለቅጠሉ፣ አንዱ ለሥሩ ተለይተው ተዳቀሉ እንጂ ዝርያቸው አንድ ነው። የአበሻ ጎመን ግን የሰናፍጭ ወገን ሲሆን የእኛው ደጋ ተወላጅ ነው፤ ዘሩንም እናቶቻችን ምጣድ ሲያሟሹበት እናውቃለን። ኡ የተባለ የዕፀዋት ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1935 ባወጣው ጥናት እንዳስረዳው፣ ይህ ዝርያ ከጥቁር ሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ወገን ተዳቅሎ የተገኘ ነው።

በብረት ረገድ ቁጥሩ ለቆስጣ ማድላቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በቅጠል ውስጥ የሚገኘው ብረት በሥጋ ውስጥ እንደሚገኘው ለሰውነት የሚቀል አይደለም፤ ወደ ደም የሚገባው ጥቂቱ ነው። ያንን ጥቂት የሚያበዛው አብሮት የሚበላው ነገር ነው። የሎሚ፣ የቃርያና የቲማቲም ቪታሚን ሲ ብረቱን ያግዘዋል፤ አደይ «ሐምሊ በሎሚ» ማለታቸው ያለ ነገር አልነበረም። ሻይና ቡና ደግሞ ያግዱታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1983 በወጣ አንድ ጥናት፣ ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና ወደ ሰውነት የሚገባውን ብረት በ39 ከመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 ከመቶ ቀንሶታል። ከሁሉ ያስገረመን ግን ሌላው ነገር ነው፤ ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ሲጠጣ ጉዳት አላሳየም፤ ከምግቡ በኋላ አንድ ሰዓት ቆይቶ ሲጠጣ ግን ከምግቡ ጋር የተጠጣውን ያህል አግዷል። እንግዲህ በቤታችን ቆስጣው በአንድ በር ሲገባ፣ ሦስቱ ስኒ በሌላው በር ያስወጣው ኖሯል።

በካልሲየም፣ ማለትም ለአጥንትና ለጥርስ በሚያስፈልገው ማዕድን ረገድ፣ ጎመን ያለ ጥርጥር ይበልጣል። በ100 ግራም ውስጥ የቆስጣው 51 ሚሊግራም ሲሆን የኮላርድ ጎመኑ 232 ሚሊግራም ነው። ልዩነቱም በቁጥሩ ብቻ አያበቃም። ቆስጣ እንደ ስፒናች ኦክሳሌት የሚባል ነገር ይበዛበታል፤ ይህም ካልሲየሙን አሥሮ ይዞ ሰውነት እንዳይጠቀምበት ያደርገዋል። ሂኒና ዊቨር የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1988 ባወጡት ጥናት ከስፒናች ካልሲየም ወደ ሰውነት የገባው ከመቶ 5 እጅ ብቻ መሆኑን፣ በ1990 ባወጡት ደግሞ «ኬል» ከሚባለው የጎመን ዘመድ ከመቶ 41 እጅ መግባቱን፣ በዚያው ሙከራ ከወተት የገባው እንኳ 32 እጅ መሆኑን አሳይተዋል። ወተት እንደ ልብ በማይገኝበት ወይም በጾም በሚታለፍበት ቤት ይህን ማወቅ ታላቅ ጥቅም አለው።

ለነፍሰ ጡር በተለይ የሚያስፈልግ ፎሌት የሚባል ቪታሚንም አለ። ለደም ሥራና ለፅንሱ አከርካሪ ደኅና ሆኖ መሠራት ያገለግላል። የኮላርድ ጎመኑ በ100 ግራም 129 ማይክሮግራም ሲኖረው ቆስጣው 14 ብቻ ነው፤ ይህ ዘጠኝ እጥፍ ነው። እኛም በብረቱ መስመር ስንኩራራ ከሥሩ ያለውን ይህን መስመር አላየነውም ነበር። በሌላ በኩል ለዓይን በሚጠቅመው በቪታሚን ኤ ሁለቱም የታደሉ ናቸው፤ ቆስጣ ጥቂት ይበልጣል። ማግኒዢየምና ፖታሲየምም በቆስጣ ይበዛሉ። በቪታሚን ሲ ሁለቱ ይቀራረባሉ፤ ነገር ግን ጠውልጎ የዋለ ቅጠል ይህን ቪታሚን ስለሚያጣ፣ በቀትር የተገዛ ቆስጣ የጧቱ ቆስጣ አይደለም። እንግዲህ አንዱን ንጉሥ፣ አንዱን ሎሌ ማድረግ አይገባም፤ ሁለቱም በየተራ ወደ ገበታ ቢቀርቡ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል።

ሆኖም ጥንቃቄ የሚያሻቸው ሰዎች አሉ። የኩላሊት ጠጠር አብዛኛው ከካልሲየምና ከኦክሳሌት የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ይህ በሽታ ያገኘው ሰው ቆስጣን ማብዛት የለበትም፤ እንደ ጅቡቲ ባለ ላብ በሚበዛበት አገር የሚኖረውማ ውኃ በብዛት መጠጣት አለበት። ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን የሚባል መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ፣ ሁለቱም ቅጠሎች ቪታሚን ኬ ስለሚበዛባቸው፣ አንድ ቀን አብዝቶ አንድ ቀን ከመተው ይልቅ መጠኑን ሳይለዋውጥ እንዲበላና ሐኪሙን እንዲያማክር ይገባዋል።

አበሳሰሉንም በተመለከተ ለእመቤቶችና ወጥ ቤት መግባት ለማያፍሩ ባሎች የምንለው አለን። ቅጠሉ ሳይከተፍ ይታጠብ እንጂ ተከትፎ አይታጠብ፤ ኀይሉ ከውኃው ጋር ይሄዳልና። ቆስጣ ተቀቅሎ ውኃው ቢደፋ ከኦክሳሌቱ ብዙው አብሮ ይደፋል። ጎመን ግን ኦክሳሌቱ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ብዙዎች እንደሚያደርጉት ቀቅሎ ጨምቆ ውኃውን መድፋት ፎሌቱንና ቪታሚን ሲውን መድፋት ነው። በጥቂት ውኃ፣ ድስቱ ተከድኖ፣ ብዙ ሳይቆይ ቢበስል፣ የተረፈውም ውኃ በወጡ ውስጥ ቢቀር ይሻላል። ጥቂት ዘይት ቪታሚን ኤው ወደ ሰውነት እንዲገባ ይረዳል። ሎሚው የሚጨመቀው ድስቱ ከወረደ በኋላ ነው። ከምስር ወይም፣ ለሚበላው፣ ከጥቂት ሥጋ ጋር ሲቀርብ ደግሞ ማዕዱ የተሟላ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን፣ ደም ያነሳት ነፍሰ ጡር ሐኪም ያዘዘላትን ክኒን በጎመንም በቆስጣም አትለውጠው። ባለቤታችን ክኒኑ እንዳወካት ለአዋላጅዋ በነገረቻት ጊዜ መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ ማታ፣ ራት ከበላች በኋላ እንድትውጠው ተደረገ፤ ማቅለሽለሹም ቀለለላት። አስቀድሞ ጠይቀን ቢሆን ኖሮ ስድስት ሳምንት ባልጠፋ ነበር። አደይም ቡናቸውን አልተዉም፤ ሰዓቱን ብቻ ለወጡ። ከምሳ አንድ ሰዓት ቀደም ብለው ያፈላሉ፤ ጎረቤት ግራ ገብቶት ሲጠይቃቸውም «በዚህ ቤት ሥርዓቱ እንዲህ ነው» ብለው ይመልሳሉ። እኛም ሐምሊ በሎሚ ይሠራልን ዘንድ በአፋችን ለምነናቸዋል፤ እርሳቸውም ቆስጣውን ፈጽመው አልከለከሉንም።

ከዐሥር ሳምንት በኋላ የባለቤታችን ሄሞግሎቢን 11 ነጥብ 2 ደረሰ። ሴት ልጅም በደኅና ተገላገለች። ሕፃኗ አርባ ቀን ካለፋት በኋላ አንድ ማታ ታቅፈናት ወደ ሜኔሊክ አደባባይ ወጣን። ባለቤታችን ደረጃውን ሳታርፍ ወረደች፤ እኛም ከኋላዋ እየተከተልን ትንፋሿን እናዳምጥ ነበር። በቦታችን በተቀመጥን ጊዜ አስተናጋጁ እንደ ልማዱ ሁለት ሻይ ይዞ መጣ። እርሷም ወደ እኛ ተመልክታ፣ «ራት ስንት ሰዓት ነው የምንበላው?» ብላ ጠየቀች፤ ገና ከሁለት ሰዓት በኋላ መሆኑን ብንነግራት ሻይዋን አነሣች።

ያንን ሰንጠረዥ ዛሬም አልጣልነውም፤ መልካም መጽሐፍ ነው። ነገር ግን ከእንግዲህ ወዲህ ከመግለጣችን በፊት የምግቡን ባለቤት «እንዴት ነሽ?» ብለን መጠየቅን ተምረናል። ጎመን በጤና የሚባለውም ጤናው ሲጠየቅ ነው።